«ላብራቶሪ እንላክሽ» ሲሉሽ ደም አይደለም፦ የእጅ መንቀጥቀጥ ፈንክሽናል መሆኑ በምን ይታወቃል?

ጥያቄውን ላላያችሁ ባጭሩ፦ ጠያቂዋ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ምትኖረው። የ24 ዓመት ታናሽ እህቷን ከአምስት ወር በፊት መኪና ከኋላ ገጭቷት ያን ያህል ሳትጎዳ ተርፋለች፣ በሳምንቱ ግን ቀኝ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ አሁን አሁን ግራውም አንዳንዴ ይጨምራል። ኤምአርአይ ተነሳች፣ ደም ሰጠች፣ ሁሉም «ነፃ ነሽ»። ኒውሮሎጂስቷ (የነርቭ ሐኪሟ) «ፈንክሽናል ሙቭመንት ዲስኦርደር ነው ሚመስለኝ፣ ለማረጋገጥ ላብራቶሪ እንላክሽ» አላት፣ አንጎል ላይ ጉዳት ሳይኖር አሠራሩ ተዛብቶ ሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር ማለት ነው። ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው፦ ደሞ ምን ዓይነት ደም ነው ሚቀዷት? ይሄ ምርመራ እያስመሰለች መሆን አለመሆኗን ያወጣል ወይ? አዲስ አበባ ያለችው እናታቸው «ልጄን ጠበል ውሰዱልኝ» እያለች ስልኩን አላስቀምጥ ብላለች፣ ለሷስ ምን ይባል?

እሺ እህቴ፣ ረዘም ይላል ታገሺኝ።

ላብራቶሪ ሲባል እኛ ጆሮ ላይ ሚመጣው ደም፣ ሽንትና ሰገራ ነው፣ አልፈርድብሽም። ይሄኛው ግን መርፌም ብልቃጥም የለውም። ኒውሮፊዚዮሎጂ ላብራቶሪ ይሉታል፣ ውስጡ ያለው አንድ ወንበር፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ቆዳ ላይ ሚለጠፉ ኤሌክትሮዶች እና እጅ ጀርባ ላይ በፕላስተር ሚጣበቅ የአውራ ጣት ጥፍር ምታክል አክስለሮሜትር ምትባል ነገር ነው፤ ስልክሽን ስታጋድሚው ስክሪኑን ምታዞረው ዓይነት ሴንሰር ነች። የሚለካው እንቅስቃሴው ራሱ ነው፦ በሰከንድ ስንት ጊዜ ይመላለሳል፣ የትኛው ጡንቻ ቀድሞ ይሠራል፣ ሌላ ሥራ ሲሰጣት ምን ይሆናል።

ደም ዋጋ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ወጣት ሰው እጁ ሲንቀጠቀጥ ታይሮይድ መታየት አለበት፣ ሰውነት ውስጥ መዳብ ሚጠራቀምበት ዊልሰን ሚባለው በሽታ እንዳይሆን ሴሩሎፕላዝሚን ይታያል፣ ዓይኗም በስሊት ላምፕ (የዓይን ሐኪም ማጉያ መሣሪያ) ቢታይ ጥሩ ነው፣ ምክንያቱም ዊልሰን መድኃኒት ያለው በሽታ ሆኖ ሳለ ከዘገየ ጉበትና አንጎል ይጎዳል። ምትወስደው መድኃኒትም ይጠየቃል፦ የአስም ሳልቡታሞል፣ ቫልፕሮይት፣ ሊቲየም፣ አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶች እጅ ያንቀጠቅጣሉ፣ ቡናና ጫትም እንደዚሁ። ለማቅለሽለሽ ሚሰጠው ፕላሲል ደሞ አንገትና መንጋጋ አጣሞ ይዞ ድንገተኛ ክፍል ያመጣቸውን ልጆች «ሂስቴሪያ ነው» ተብለው ሲመለሱ አይቻለሁ፣ መድኃኒቱ መሆኑን የጠየቀ ሰው ስላልነበረ ብቻ። ስለዛ እነዚ ይሠሩ፣ የእህትሽ ተሠርተዋል ብለሻል። ግን ልብ በይ፣ እነዚ ሁሉ ሚነግሩን ምን እንዳልሆነ ነው። ምን እንደሆነ አይናገሩም።

የብዙ ሰው ችግር ሚጀምረው እዚህ ጋር ነው። «ነፃ ነሽ» የበሽታ ስም አይደለም። ልጅቷ እጇ ቡና እየደፋባት፣ ፊርማ መፈረም አቅቷት «ነፃ ነሽ» ስትባል ምን ትስማ? ወይ «አላመኑኝም» ትላለች ወይ «ያላገኙት ትልቅ በሽታ አለብኝ» ብላ ሦስተኛ ኤምአርአይ ፍለጋ ትሄዳለች። እኔ ራሴ ሪዚደንት እያለሁ ስንቱን «ምንም የለብህም ሂድ» ብዬ በሳቅ እንደሸኘሁ ሳስበው አሁን ድረስ ያሳፍረኛል፣ ያኔ የተማርነው እንደዛ ነበር፣ ሌላው ሁሉ ሲጠፋ የተረፈው «ጭንቀት» ነው።

አሁን እንደዛ አይደለም ሚሠራው። ፈንክሽናል ሚባለው ራሱን የቻለ፣ የራሱ ምልክት ያለው ነገር ነው፣ ሌላው ስለጠፋ ብቻ ሚለጠፍ ስም አይደለም። የክራሩ ጅማት አልተበጠሰም፣ ሳጥኑም አልተሰነጠቀም፣ የወጣው ቅኝቱ ነው። ኤምአርአይ ጅማቱን ነው ሚያየው፣ ቅኝት ለመስማት ደሞ መምታት ያስፈልጋል። ስታንሊ ፋህን እና ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1988 ለዚህ በሽታ የእርግጠኝነት ደረጃ ሲያወጡ ከሞላ ጎደል ሁሉም ነገር ሐኪሙ ክሊኒክ ውስጥ በዓይኑ በሚያየው ላይ የቆመ ነበር፣ በ2009 ጉፕታና የቶሮንቶው አንቶኒ ላንግ ሲያሻሽሉት ነው «በላብራቶሪ የተደገፈ» ሚባል ደረጃ የገባው፣ እሱም በተለይ ለመንቀጥቀጥና ለጅርክ፣ ሰውነትን ድንገት ብርግግ ለሚያረገው ማለት ነው። በ2013 የወጣው የአሜሪካ የሳይካትሪ መመሪያ ደሞ «የሥነ ልቦና ጭንቀት ካልተገኘ አይባልም» ሚለውን ቅድመ ሁኔታ አነሳው። ይሄን ምነግርሽ ምናልባት ሐኪሙ «የሚያስጨንቅሽ ነገር አለ?» ሲላት እህትሽ «የለም» ብላ ስለምትናደድ ነው። ባይኖርም ይሆናል። ቀላል አደጋ፣ ትንሽ ወለምታ፣ ከባድ ጉንፋን ብቻውን ሚጀምርላቸው ብዙ ናቸው፣ የእህትሽ ታሪክ ራሱ አንዱ ነው።

አሁን ወንበሩ ላይ ላስቀምጥሽ።

ገብታ ትቀመጣለች፣ ክንዷን የወንበሩ መደገፊያ ላይ ታሳርፋለች። ቴክኒሻኑ ክንዷን በአልኮል ይጠርግና ከክንዷ በላይ በኩል አንጓን ወደ ላይ ሚያነሳው ጡንቻ ላይ ሁለት፣ ከታች በኩል ወደ ውስጥ ሚያጥፈው ላይ ሁለት ኤሌክትሮድ ይለጥፋል፣ ግራውም ላይ እንዲሁ። ይሄ ሰርፌስ ኢኤምጂ ነው፣ የጡንቻን ኤሌክትሪክ ከቆዳ ላይ ሚቀዳ። መርፌ ያለበትን ኢኤምጂ ሰምታ ከሆነ ትፍራ ይሆናል፣ ያኛው ሌላ ነው፣ ይሄ ተለጣፊ ነው። በሁለቱም እጅ ጀርባ አክስለሮሜትር። መጀመሪያ እጇ ሲያርፍ ይቀዳል፣ ከዛ ወደፊት ዘርግታ ትይዛለች። ስክሪኑ ላይ ሞገድ ይመጣል፣ ኮምፒውተሩም ያንን ሞገድ ወደ ድግግሞሽ ይለውጠዋል። እንበልና 5.2 ላይ ሹል ተራራ ወጣ፣ በሰከንድ 5.2 ጊዜ ማለት ነው።

ይሄ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይነግረንም፣ የፓርኪንሰን የእረፍት መንቀጥቀጥም ከ4 እስከ 6 ነው፣ ኢሴንሻል ትሬመር ሚሉት፣ እጅ ሥራ ላይ ሲሆን ሚመጣው የተለመደ መንቀጥቀጥም ከ4 እስከ 12 ይደርሳል። ዋናው ነገር ሚመጣው ሜትሮኖሙ፣ እኩል እኩል ምት ሚያሰማው መሣሪያ፣ ሲከፈት ነው። «በግራ እጅሽ ይሄን ድምፅ እየተከተልሽ ጠረጴዛውን ምቺ፣ ቀኙን እንደተዘረጋ ያዢው» ትባላለች። መጀመሪያ በሰከንድ 1፣ ከዛ 3፣ ከዛ 5። በሰከንድ 3 ስትመታ የቀኙ ተራራ ከ5.2 ተነስቶ 3 ላይ ይሄድና ቁጭ ይላል፣ ልክ የግራ እጁ ምት ላይ። ወይ ጭራሽ ይጠፋል። ወይ እዛም እዚህም ይበታተናል። ወይ ደሞ ቀኙ እንደነበረ ሆኖ ግራው ቀላሉን ምት መምታት ያቅተዋል፣ ጤነኛ የሆነው እጅ ማለት ነው! ይሄ ሁሉ ምልክት ነው። የፓርኪንሰን ወይም የኢሴንሻል ትሬመር ሰው ግራ እጁ ምንም ቢሠራ የቀኙ መንቀጥቀጥ በራሱ ድግግሞሽ ይቀጥላል፣ አይሰማውም፣ የራሱ ሰዓት አለው። ፈንክሽናል መንቀጥቀጥ ግን የራሱ ሰዓት የለውም፣ የፈቃድ እንቅስቃሴ ሚወጣበትን መንገድ ነው ሚጋራው፣ መንገዱ ላይ ሌላ መኪና ሲገባ ወይ ይከተለዋል ወይ ይቆማል።

ከዛ ድንገት «በግራሽ ይቺን ነጥብ ቶሎ ንኪ!» ትባላለች፣ ግራው ሲወረወር ቀኙ ለቅጽበት ቆም ይላል ወይም ቢያንስ በግማሽ ይቀንሳል። ከዛ ግማሽ ወይም አንድ ኪሎ ክብደት እጇ ላይ ይታሰራል፣ ብዙዎቹ ሌሎች መንቀጥቀጦች ሲከብዳቸው ይቀንሳሉ፣ ፈንክሽናሉ ግን ብዙ ጊዜ ይብስበታል። ኢኤምጂው ላይ ደሞ በዓይን ማይታይ ነገር አለ፦ መንቀጥቀጡ ሊጀምር ሲል ወደ 300 ሚሊሰከንድ ቀድሞ አጣፊውና ዘርጊው ጡንቻ አንድ ላይ ግትር ይላሉ፣ ክራር ከመመታቱ በፊት ክሩ እንደሚወጠረው። ሁለቱም እጅ ሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሁለቱ አንድ ላይ ተያይዘው ይሄዳሉ ወይ ሚለውም ይሰላል፣ በፓርኪንሰን ቀኝና ግራ የየራሳቸው ናቸው።

ይሄን ሁሉ አንድ ላይ ሰብስባ ነጥብ የሰጠችው ኦስትሪያ ግራዝ ያለችው ፔትራ ሽቪንገንሹህ እና ቡድኗ ነው። ጠቅላላው ከ10 ነው፣ 3 እና ከዛ በላይ ከመጣ ፈንክሽናል ይባላል። በ2016 ያወጡት ጥናት ላይ 38 ፈንክሽናል እና 73 ሌላ ዓይነት መንቀጥቀጥ ያላቸው ሰዎች ነበሩ፣ ምርመራው ከፈንክሽናሎቹ 89.5 በመቶውን አገኘ፣ ከሌሎቹ 95.9 በመቶውን «ይሄ አይደለም» ብሎ በትክክል ለየ። ወደ ሰው ስትመልሽው ከ38ቱ አራቱ አመለጡት፣ ከ73ቱ ሦስቱን በስህተት ፈንክሽናል አላቸው ማለት ነው። በኔ ሙያ ይሄ በጣም ጥሩ ቁጥር ነው፣ ግን አራቱን እና ሦስቱን አትርሺ፣ ለዛ ነው ወረቀቱን ይዞ ሚወስነው ማሽኑ ሳይሆን ልጅቷን የመረመራት ሐኪም የሆነው። ደሞ አንዱ ነጥብ ብቻውን አይበቃም፣ ኢሴንሻል ትሬመር ያለበት ሰውም ግራው ሲወረወር ቀኙ ሊቀንስ ይችላል።

እህትሽ መንቀጥቀጥ ባይሆን፣ ሰውነቷን ድንገት ብርግግ ሚያረጋት ጅርክ ቢሆን ኖሮ ምርመራው ሌላ ነበር፣ እሱ ደሞ እኔ በጣም ምወደው ነው። ኮርንሁበርና ዴከ ሚባሉ ጀርመኖች ፍራይቡርግ ውስጥ በ1964 ያገኙት ነገር አለ፦ ሰው ጣቱን በፈቃዱ ሊያንቀሳቅስ ሲል ከአንድ ሰከንድ ተኩል እስከ ሁለት ሰከንድ ቀድሞ አንጎሉ ላይ ቀስ እያለ ሚወጣ የኤሌክትሪክ ለውጥ አለ። የዝግጁነት ሞገድ በይው። በጣም ትንሽ ስለሆነ በተራ ኢኢጂ (ራስ ላይ በሚለጠፉ ኤሌክትሮዶች ሚቀዳ የአንጎል ኤሌክትሪክ) ውስጥ ተቀብሮ ነው ሚገኘው፣ ልክ መርካቶ ውስጥ ሰው በጆሮሽ ሹክ እንዳለሽ። ስለዛ አርባም ሃምሳም ጅርክ ይቀዳል፣ እያንዳንዱ ጅርክ በኢኤምጂ የጀመረበት ቅጽበት ዜሮ ይባላል፣ ከዜሮ ወደ ኋላ ያለው ኢኢጂ ሁሉ አንድ ላይ ተደርቦ አማካዩ ይወሰዳል። ጫጫታው እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ ሹክሹክታው ይቀራል። ያ ሞገድ ከወጣ ጅርኩ ሚነሳው ከፈቃድ እንቅስቃሴ መንገድ ነው ማለት ነው። ከአንጎል ቅርፊት ሚመጣው እውነተኛው ማዮክሎነስ (ፈንክሽናል ያልሆነው ጅርክ) ላይ ግን ሁለት ሰከንድ የለም፣ ከእጅ ጅርክ 20 ሚሊሰከንድ ገደማ ቀደም ብሎ ሹል ነገር ብልጭ ይላል፣ ጡንቻውም ላይ ሚታየው ፍንዳታ አጭር ነው፣ ብዙ ጊዜ ከ50 ሚሊሰከንድ በታች። የፈንክሽናሉ ረዘም ይላል።

አንድ የራይድ ሾፌር ነበር፣ ጋደም ሲል ሆዱ ላይ እጥፍ እጥፍ ሚያረገው። «ፕሮፕሪዮስፓይናል ማዮክሎነስ፣ የአከርካሪ ነው» ተብሎ ሁለት ዓመት ክሎናዜፓም ሲውጥ ከርሟል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ እያለው መንዳት አቁሟል። ሞገዱን ስናየው ጥርት ብሎ ወጣ። ይሄ የሱ ብቻ ታሪክ አይደለም፣ በዛ ስም ከተጠሩት ውስጥ ብዙዎቹ ሲመረመሩ ፈንክሽናል ሆነው ተገኝተዋል። እዚህም ግን ጥንቃቄ አለው፦ ሞገዱ ካልወጣ «አይደለም» ማለት አይቻልም፣ በቲክ (እንደ ዓይን ማርገብገብ ያለ ሚደጋገም እንቅስቃሴ) ላይም አንዳንዴ ይወጣል፣ ጅርኩ በቀን አንዴ ብቻ ሚመጣ ከሆነ አርባ ለመሰብሰብ እዛው ማደር ሊኖርብሽ ነው፣ በየሰከንዱ ሚመጣ ከሆነ ደሞ ሁለት ሰከንድ ባዶ ቦታ አይገኝም።

አሁን ሁለተኛው ጥያቄሽ፣ ከባዱ። «እያስመሰለች ነው ወይ?» ምርመራው ይሄን አይመልስም። እውነቱን ነው ምልሽ፣ መመለስም አይችልም፣ ምክንያቱም አሁን የነገርኩሽ ሞገድ ሆን ብሎ እጁን ያንቀሳቀሰ ሰውም ላይ፣ ፈንክሽናል ጅርክ ያለበት ሰውም ላይ እኩል ይወጣል። ሜትሮኖሙም እንደዛው ነው፣ እኔም አሁን እጄን ባንቀጠቅጥና በግራዬ ብመታ ይሳከርብኛል። ስለዛ አንድ ሰው ሪፖርቱን ይዞ «ይኸው፣ ሆን ብላ ነው» ካላችሁ ሪፖርቱን አላነበበውም። መንገዱ አንድ ነው፣ ሹፌሩ ማነው ሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። እዛው እናንተ ሰፈር ጥግ፣ ቤተስዳ ባለው ብሔራዊ የጤና ኢንስቲትዩት ማርክ ሃሌት ለብዙ ዓመታት የመራው ላብራቶሪ ይሄን ጥያቄ ከሌሎች ጋር ሆኖ በአንጎል ምስል ሞክሮታል። በ2010 በወጣው ጥናት ፈንክሽናል መንቀጥቀጥ ያለባቸው ሰዎች አንዴ መንቀጥቀጡ ራሱ ሲመጣባቸው፣ አንዴ ደሞ ሆን ብለው ሲያስመስሉት አንጎላቸው ታየ። እጁ እኩል ይንቀጠቀጣል፣ ግን በራሱ ሲመጣ በቀኝ በኩል ጆሮ ጀርባ አካባቢ ያለው፣ «ይሄን ያደረግኩት እኔ ነኝ» ሚለውን ስሜት ከሚሰጡት ቦታዎች አንዱ የሆነው ክፍል ሥራው ዝቅ ይላል። ያ ሰው «እኔ አይደለሁም» ሲልሽ ሚሰማውን ነው ሚነግርሽ። ይሄ የጥናት ነገር ነው፣ ለአንድ ሰው ምርመራ ተብሎ አይታዘዝም፣ ግን ቤት ውስጥ «አውቃ ነው» ሚል አክስት ካለ ይሄን ንገሪልኝ።

ላብራቶሪው ጥቅሙ በሌላም በኩል ነው፣ ፈንክሽናል ነው የተባለውን ሰው ከዛ ስም ማውጣትም ይችላል። ስድሳዎቹን ያለፉ አንድ እናት መጡ፣ ልጃቸው ይዟቸው። ቅዳሴ ላይ መቆም አቃተኝ ይላሉ። ቁመው አንድ ደቂቃ ሳይሞላ እግራቸው ይርዳል፣ «ልወድቅ ነው» ይላሉ፣ ቁጭ ሲሉ ይጠፋል፣ ሲራመዱም ይጠፋል፣ መቋሚያ ከተደገፉ ይቀላቸዋል። በዓይን ሲታይ ምንም የለም። ሁለት ቦታ «ጭንቀት ነው» ተብለዋል፣ ባለቤታቸው የሞቱት እዛው ዓመት ስለሆነ ሁሉም ነገር የገጠመ ይመስላል፣ እሳቸውም «ቤቱ እየገፋኝ ነው መሰለኝ» ማለት ጀምረዋል፣ ይሄ ነው ልቤን የነካው። ቆመው ስቴቶስኮፑን ጭናቸው ላይ ሳሳርፈው ሄሊኮፕተር ከሩቅ ሚበር ዓይነት ድምፅ ይሰማል። ሁለት ኤሌክትሮድ ጭን ላይ፣ ሁለት ባት ላይ፣ ተነሱ፦ በሰከንድ 16፣ ሁለቱም እግር አንድ ላይ፣ እንደ ስፌት መኪና ሳይዛነፍ። ኦርቶስታቲክ ትሬመር ነው፣ ከ13 እስከ 18 ነው ሚሄደው፣ ሰው በፈቃዱ በዚህ ፍጥነት ጡንቻውን መምታት አይችልም፣ ብትሞክሪ ስምንትም ከደረስሽ ጎበዝ ነሽ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ለዚህ ነው «ፈንክሽናል ነው» ሚለውን በስሜት ማልወደው፣ በሁለቱም በኩል ማስረጃ ያስፈልገዋል።

ሌሎቹ የፈንክሽናል ዓይነቶች ላይ ላብራቶሪው ብዙ አይረዳም። ዲስቶኒያ ላይ፣ እጅ ወይ እግር ተጣሞ ሲቀር፣ የጥናት ምርመራዎች አሉ ግን ለአንድ ሰው ወስነሽ ምትናገሪበት አይደሉም። አካሄድ ላይ ቪዲዮ ከማሽን ይበልጣል። ፓርኪንሰን ከመሰለ ዳትስካን ሚባል የአንጎል ምስል አለ፣ ፈንክሽናል ላይ ደህና ሆኖ ይወጣል፣ ግን መድኃኒት ባመጣው ፓርኪንሰን መሰል ነገር ላይም ደህና ነው። እግር መስነፍ ላይ ሁቨር በ1908 የጻፈው በእጅ ሚሠራ ምርመራ እስካሁን ድረስ ከማሽኖቹ አያንስም። ደሞ አንድ ሰው ሁለቱም ሊኖሩት ይችላል፣ ፓርኪንሰን ላይ ፈንክሽናል ተደርቦ የመጣባቸው አሉ፣ አንዱ መገኘቱ ሌላውን አያባርርም።

ለቀጠሮው ሚጠቅማችሁ ነገር ልንገርሽ፣ ይሄን ወረቀቱ ላይ አይጽፉትም። ኢኢጂ ጨምረው ሚሠሩ ከሆነ ፀጉሯን ሹሩባ ተሠርታ እንዳትሄድ፣ ኤሌክትሮዱ የራስ ቆዳውን መንካት አለበት፣ ከዋዜማው ታጥባ ፈታ ትሂድ፣ ቅቤም ቅባትም ዘይትም አትቀባ። ክንዷ ላይ ሎሽን አታርግ፣ ይላቀቃል። አጭር እጅጌ ትልበስ። ጠዋት ቡና ጠጥታ ከሆነ ትናገር፣ ምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ ዝርዝሩን ትያዝ፣ ያለ ሐኪሟ ትእዛዝ ግን ምንም እንዳታቋርጥ። እና ዋናው፦ ከመሄዷ በፊት በጣም በሚብስባት ሰዓት በስልክሽ ቅረጪያት፣ አንድ ደቂቃ ይበቃል፣ እጁም ፊቷም እንዲታይ። ላብራቶሪ በገባችበት ሰዓት ቀጥ ብሎ ሚቀመጥ መንቀጥቀጥ ስንት አለ መሰለሽ። መደበቅም ማጋነንም አያስፈልጋትም፣ የተባለችውን ብቻ ታድርግ፣ «ምቱን ሳትኩት» ብላ አትደንግጥ፣ መሳቷም ራሱ መረጃ ነው።

ሀገር ቤት ያላችሁ ይሄን እያነበባችሁ «እኛጋ የት አለ» ምትሉ፣ ሙሉውን ነገር ፈልጋችሁ አትድከሙ። አብዛኛው ሰው ላይ ሜትሮኖም እንኳን አያስፈልግም፣ ሐኪሙ ራሱ በጣቱ ምት እየቀያየረ «እንደኔ ምታ» ብሎ ያየዋል፣ ጥሩ ዓይን ያለው ኒውሮሎጂስት አልጋው ጎን ይጨርሰዋል። ጥርጣሬ ሲኖር ደሞ ለነርቭ ኮንዳክሽን (የነርቭ መልእክት ፍጥነት ለመለካት) የተገዛው የኢኤምጂ ማሽን ሁለት ቻናል ካለው የመንቀጥቀጥ ድግግሞሽ መቅዳት ይችላል፣ ስልክ ላይ ሚጫኑ አክስለሮሜትር ሚያነቡ አፖችም አሉ፣ እጅ ጀርባ ላይ አስሮ ማየት ይቻላል። ሚጎድለው ብዙ ጊዜ ማሽን ሳይሆን ሰዓት ነው፣ አርባ ሰው ወረፋ በያዘበት ክሊኒክ ማን ሜትሮኖም ያበራል።

ከውጤቱ በኋላ ያለውን ባጭሩ። ጥሩ ሐኪም ከሆነ ወረቀቱን በፖስታ አይልክላችሁም፣ ስክሪኑን አዙሮ ያሳያታል፦ «እዩት፣ እዚህ ጋር ግራ እጅሽ ሲመታ ቀኝሽ ቆመ። እጅሽ መቆም ይችላል ማለት ነው።» ይሄ ራሱ የሕክምናው መጀመሪያ ነው። ያ የራይድ ሾፌር ያኔ ስክሪኑን እያየ ዝም ብሎ ቆየና «እሺ አሁን ምን ላርግ?» አለኝ፣ በሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የጠየቀው ጥያቄ መሰለኝ፣ ከዛ በፊት ሁሌ «ምን አለብኝ?» ነበር። ቀጥሎ ሚመጣው ይሄን በሽታ ሚያውቅ ፊዚዮቴራፒስት ነው፣ ትኩረትን ከእጁ ላይ እያነሳ እንቅስቃሴን እንደገና ሚያስተምር፣ እጅን አስሮ «አጠንክሪው» ሚል አይደለም። ጭንቀት ወይ ድብርት ካለ እሱም ይታከማል፣ ከሌለ አይፈጠርም። ቶሎ የጀመሩት የተሻለ ነው ሚሄዱት፣ አምስት ወር ገና ነው።

እናትሽን በተመለከተ፣ ከሷጋ አትጣሉ። ጠበል መሄዷ ምርመራውን አያበላሸውም፣ ከሄደች መድኃኒት ካለ እንዳይቋረጥ፣ ቀጠሮ እንዳያልፍ፣ ጾሙ ደሞ አቅም እንዳያሳጣት ብቻ ነው ምጠይቀው። እናትሽን ያስፈራት «ነፃ ነሽ» ሚለው ነው መሰለኝ፣ ሐኪም ያላገኘውን ነገር ማን ያግኝ ብላ ነው። ስለዛ «ምንም አልተገኘባትም» አትበያት። «እማዬ፣ ስም አለው፣ እጇ ሚንቀጠቀጠው አንጎሏ ለእጇ ሚልከው ትእዛዝ ስለተዛባ ነው፣ ዕጢም አይደለም፣ የደም ሥርም አልተዘጋም፣ በማሽን ለክተው ሊያሳዩን ነው፣ ሚለማመዱበትም ሕክምና አለው» በያት። ከቻልሽ ደሞ በቪዲዮ ደውዪና እህትሽ በግራ እጇ ጠረጴዛ ስትመታ ቀኙ ሲቆም እናትሽ በዓይኗ ትየው። ውጤቱ ሲመጣ ከ10 ስንት እንደሆነና የትኞቹ ነጥቦች እንደተቆጠሩ ጻፊልኝ፣ ስሟንና የልደት ቀኗን ሸፍነሽ።